ከእናቴ ጋር ማልታ ልሄድ ነው፤ በስምንት ቀን ሲሲሊንና ሮምን እንጨምር?

ጥያቄው፦ «እኔና የ71 ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ፣ እኅቴ ደግሞ ከስቶክሆልም ተነሥተን ማልታ ላይ ልንገናኝ አስበናል። እናቴ ቅዱስ ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ የዳነበትን ደሴት ማየት የቆየ ምኞቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጾም አታፈርስም። የእኅቴ ዕረፍት ነሐሴ ላይ ነው። ማልታ ትንሽ አገር ስለሆነች በሦስት ቀን ጨርሰን በቀሩት አምስት ቀናት ሲሲሊንና ሮምን ለማየት እናስባለን። ቪዛውን፣ ማደሪያውንና መጓጓዣውን እንዴት እናድርገው?»

ምላሽ፦

ሲሲሊንና ሮምን ይተዉአቸው፤ ነሐሴንም ይተዉት፤ ስምንቱንም ቀን ለማልታ ይስጡ። ለመንገደኞች ጉዞ ማዘጋጀት ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከማልታ ተመልሶ «ቀኑ በዛብን» ያለኝ ሰው የለም፤ «አነሰን» ያሉኝ ግን ብዙ ናቸው።

«ትንሽ ናት» የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። እውነት ነው፤ ጎዞና ኮሚኖ የሚባሉት ደሴቶች ተጨምረው የአገሪቱ ስፋት 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ከዚህ ትሰፋለች። ዋናው ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን በዚህች መሬት ላይ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖራል። ባቡር የለም፤ መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ነው። በካርታ ላይ 15 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ሲፈጅ አይቻለሁ። ስለዚህ ማልታን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእናትዎ ጉልበት ይለኩ፤ ከምሳ በፊት አንድ ቦታ፣ ከዚያ ረጅም ዕረፍት፣ ቢቻል ወደ ማታ አንድ ቀላል ቦታ። ከዚህ በላይ ያጨቀ ዕቅድ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል። ሲሲሊ በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት እንኳ አትሞላም፤ ማልታም ሲሲሊ ያለችባት ጣሊያንም የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) አባል ስለሆኑ ቪዛውም አያግድም። ሆኖም ባሕሩ ሲናወጥ ያ ሁለት ሰዓት ለአንዲት አረጋዊት ቀላል አይደለም።

ስለ ወቅቱ። በነሐሴ ሙቀቱ በየቀኑ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ድንጋዩና አስፋልቱ ያንኑ ሙቀት መልሶ ይተፋል። ነሐሴ ለእናትዎ የፍልሰታ ጾም ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 የማልታ ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት በታላቅ ድምቀት የሚያከብሩበት የሕዝብ በዓል ነው፤ በዚያ ሰሞን ማደሪያው፣ መርከቡም አውቶቡሱም ይሞላል። ክረምቱም ቢሆን እንደሚወራው ለስላሳ አይደለም። የማልታ ቤት የተሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ በጥርና በየካቲት እርጥበቱ ይዘልቀዋል፤ ማሞቂያ የሌለው ብዙ ነው፤ ከውጭው ይልቅ የቤቱ ውስጥ ይበርዳል።

እኔ የምመርጥላችሁ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን ጊዜ ነው። በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም እናትዎ የምግብ ጭንቀት አይኖርባቸውም። አየሩ የሚስማማ ነው፤ ሜዳውም ገና አረንጓዴ ነው፤ በሐምሌ ሁሉም ደርቆ ቢጫ ይሆናል። ባሕር መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ ውሃው ያኔ ገና ቀዝቃዛ መሆኑን ልንገራችሁ። እኅትዎ ፈቃዳቸውን ማዛወር ካልቻሉ ሁለተኛው ምርጫ ጥቅምት ነው፤ ባሕሩ ሞቃት፣ ሰዉ የቀለለ ይሆናል፤ እናትዎ የጽጌን ጾም የሚጾሙ ከሆነ ግን ያንን አስቀድመው ያስቡበት።

አሁን ወደ ቪዛው። ማልታ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በሼንገን ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሚያመለክቱ ሰዎች ላይ ልዩ ገደብ አውጥቷል። የውሳኔ መስጫው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ይሰጣል፤ ሰነድ በማቅለል የሚደረግ አስተያየትም ቀርቷል። ይህን ሳያውቁ ወር ሲቀራቸው የሚያመለክቱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ገንዘባቸውም ጉዟቸውም ይባክናል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይፈቀዳል። ለበዓለ ኃምሳ ከሆነ እስከ ገና ሰነዱን አሰባስበው፣ ከጥምቀት በኋላ ያስገቡ። ማልታን በቪዛ ጉዳይ አዲስ አበባ ላይ ማን እንደሚቀበልላት በዚያው ሰሞን ከማልታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ፤ ከደላላ አይጠይቁ። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ሮምንና ሲሲሊን ለአምስት ቀን፣ ማልታን ለሦስት ቀን ብትሉ ኖሮ ማመልከት የነበረባችሁ ለጣሊያን ነበር። ሰው በዚህ ሳይጠነቀቅ አንዱን አገር ጠይቆ ሌላው ውስጥ ሲከርም፣ በድንበሩ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ከባድ ነው።

ከሰነዱ ሁሉ የሚመዝነው «ትመለሳላችሁ» የሚለውን የሚያሳምነው ነው። ለእርስዎ የሥራ ደብዳቤ ከፈቃድ ማረጋገጫ ጋር፣ ወይም የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፤ የቅርብ ወራት የባንክ እንቅስቃሴ። ለእናትዎ የጡረታ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ካለ እሱ፣ አገር ቤት የሚቀሩ ልጆችና የልጅ ልጆች መኖራቸውን የሚያሳይ ወረቀት። ከእኅትዎ የግብዣ ደብዳቤ፣ የስዊድን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ቅጂ፣ የሦስታችሁን ዝምድና የሚያሳይ የልደት የምስክር ወረቀት። እንግሊዝኛ ከማልታ ሁለት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ የአማርኛውን ሰነድ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ማስመለስ ይበቃል። ፓስፖርታችሁ ከአሥር ዓመት ወዲህ የተሰጠ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው፣ ከመመለሻው ቀን በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። በባንክ ደብተር ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል፤ የቤተሰብ ስጦታ ከሆነም ከየት እንደመጣ በደብዳቤ ይገለጽ። የሐሰት የሆቴል ማስያዣ አዘጋጅላችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በር ይዝጉበት። ያ ወረቀት ሲደወልበት ይጋለጣል፤ የሚጠፋው የእርስዎ ስም ነው። ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አይክፈሉ፤ ማስያዣው ይበቃል።

የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። ለእናትዎ ሲገዙ ውሉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አብዛኛው ዋስትና ቀድሞ የነበረ ሕመምን ከሽፋኑ ያወጣል፤ የደም ግፊት አንዱ ነው። ጥቂት ጨምሮ ይህን የሚያካትት ውል መግዛት ይሻላል።

ከአዲስ አበባ የምታገኙት በረራ አብዛኛውን ጊዜ በሮም፣ በፍራንክፈርት፣ በቪየና ወይም በኢስታንቡል በኩል የሚያልፍ ነው። ልዩነቱን ይወቁት። በሮም ወይም በፍራንክፈርት ካለፋችሁ የፓስፖርት ቁጥጥሩ የሚደረገው እዚያው ነው፤ ማልታ ስትደርሱ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ትወጣላችሁ። በኢስታንቡል ከሆነ ቁጥጥሩ ማልታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ የውጭ ዜጋ የጣት አሻራና የፊት ምስል እንዲሰጥ የሚያደርገው አዲስ አሠራር ስለተጀመረ ሰልፉ ይረዝማል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቤተሰብ ርካሽ ነው ብዬ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ገዛሁ፤ በመካከሉ የነበረው ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ፣ የፓስፖርቱ ሰልፍ ረዘመ፣ ሁለተኛው አውሮፕላን ሄደ፤ ትኬቱ የተለያየ ስለነበር አየር መንገዱ ኃላፊነት አልወሰደም፤ ቤተሰቡ አዲስ ትኬት ከፈለ። ከዚያ ወዲህ መንገደኛን በአንድ ትኬት ካልሆነ፣ ሦስት ሰዓትም ካልተረፈው አልልክም። ለእናትዎ ተሽከርካሪ ወንበር ትኬቱን ሲቆርጡ ያስመዝግቡ። በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ይህ አገልግሎት በሕግ ነፃ ነው፤ 48 ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ይጠይቃል። «መራመድ እችላለሁ» ብለው እንቢ ቢሉ እንኳ ያግባቧቸው፤ በእነዚያ አየር ማረፊያዎች የሚያደክመው የኮሪደሩ ርዝመትና የሰልፉ ቁመት ነው።

ማደሪያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎቶግራፍ አይቶ ቫሌታ መሐል በመያዙ ነው። ዋና ከተማዋ ቫሌታ እ.ኤ.አ. በ1566 ከታላቁ ከበባ (ኦቶማን ቱርኮች ደሴቷን ከከበቡበት ጦርነት) ማግስት በኮረብታ ጀርባ ላይ የተቆረቆረች ናት። ጎዳናዎቿ ቁልቁል ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ መንገድ መሆናቸው ቀርቶ ደረጃ ናቸው። በሕንፃዎቹም አሳንሰር የሌለው ይበዛል። ስሊማ የባሕር ዳሯ ሜዳ ነው፤ ለምሽት መንሸራሸር ይመቻል፤ ወደ ቫሌታ የምታሻግር ትንሽ ጀልባም አለቻት። ሴንት ጁሊያንስ ውስጥ ፓቸቪል የሚባለው ሰፈር የጭፈራ ቤት መንደር ስለሆነ ከእናት ጋር አይታሰብም። የእኔ ምርጫ ፍሎሪያና ናት፤ ከቫሌታ በር ውጭ ያለች ጸጥ ያለች ሰፈር፣ አውቶቡሶች ሁሉ ከሚነሡበት ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቃ። ሲይዙ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አሳንሰሩ ይሠራል ወይ? አጠገቡ ግንባታ አለ ወይ? ማልታ ውስጥ ግንባታ የሌለበት መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ማለዳ የሚጀምረው የመሰርሰሪያ ድምፅ የብዙ ሰው ዕረፍት ሲያበላሽ አይቻለሁ።

አውቶቡሱ መላ ደሴቷን ያዳርሳል። ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በነፃ ይሄዳሉ፤ እንግዳ ግን ይከፍላል፤ ለሰባት ቀን የሚያገለግለውን ካርድ መግዛት ያዋጣችኋል። አውቶቡሱ ሲመጣ እጅ ካላሳዩት ያልፋል፤ ከሞላም ሳይቆም ያልፋል። ስለዚህ ከመነሻው፣ ከቫሌታ ጣቢያ፣ መሳፈር ለእናትዎ መቀመጫ ያስገኛል። እናትዎ በደከሙ ቀን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይጠቀሙ፤ ዋጋው አስቀድሞ በስልኩ ላይ ይታያል። መኪና ለመከራየት አይሞክሩ። ማልታ በግራ በኩል ትነዳለች፤ ይህም ለእግረኛ ዋና ነገር ነው። መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። እናትዎ ዕድሜ ልካቸውን መጀመሪያ ወደ ግራ ሲያዩ ኖረዋልና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንዳቸውን ይዘው ያሻግሯቸው።

ስለ ምግብ። በበዓለ ኃምሳ ብትሄዱም የማልታ ብሔራዊ ምግብ ጥንቸል መሆኑን እወቁ፤ «ፌኔክ» ይሉታል፤ በወጥም በጥብስም ይቀርባል። እናትዎ እንደማይበሉት እገምታለሁ፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ይህን ቃል ያስተውሉት። በጾም ወቅት ከሄዳችሁ ደግሞ «ቢጊላ» የሚባለው ከደረቅ ባቄላና ከነጭ ሽንኩርት የሚደቆስ ማባያ አለ፤ ፉል የሚወድ ሰው ይወደዋል። ዳቦ በወይራ ዘይትና በቲማቲም ተቀብቶ የሚሸጠውም ጥሩ ነው፤ ቱና ዓሣ ስለሚጨምሩበት «ያለ ዓሣ» ማለት ያስፈልጋል። በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው «ፓስቲትሲ» ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በአይብ፣ አንዱ በአተር። የአተሩ የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን ሊጡ በእንስሳ ስብ ሊታሽ ስለሚችል ሳይጠይቁ አይግዙ። ይህን የማነሣው ስንት ጾመኛ እናት በልጆቿ ቅን ምክር እንደተሳሳተች ስለማውቅ ነው። የቧንቧው ውሃ ከባሕር የሚጣራ ስለሚገኝበት ለጤና ባይጎዳም ጣዕሙ ጨው ጨው ይላል፤ የታሸገ ግዙ።

ቋንቋቸው ያስደስታችኋል። ማልታኛ ከዓረብኛ የመጣ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የጣሊያን ቃል ሞልቶታል። ባሕርን «ባሐር»፣ ደምን «ደም»፣ ምላስን «ልሲየን» ይላሉ፤ ልሳን ማለት ነው። ዳቦን «ሖብስ» ሲሉ እናትዎ ኅብስት ትዝ ይላቸዋል። በሱቅና በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተለጠፈ የሰዓት ማስታወቂያ ሲያዩ «ኢል-ሐድ» እሑድ ነው፣ «ሌርባ» ረቡዕ፣ «ኢል-ሐሚስ» ሐሙስ። በቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ኤርባ» አራት እንጂ አርባ አይደለም፤ «ሐምሳ» አምስት ነው፤ «ሰባ» ደግሞ ሰባት። ገበያ ላይ አሮጊቷ ሻጭ «ሐምሳ» ስትል ሃምሳ ዩሮ እንዳታወጡ።

ከቫሌታ ውስጥ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል እንዳያልፋችሁ። እ.ኤ.አ. በ1570ዎቹ የዮሐንስ ባላባቶች (ያኔ ደሴቷን ይገዙ የነበሩ የካቶሊክ መነኮሳት ወታደሮች) የሠሩት ሕንፃ ነው፤ ከውጭ ምሽግ ይመስላል፣ ከውስጥ ሙሉ ወርቅ ነው። ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ሠዓሊው ስሙን የፈረመበት ብቸኛ ሥራው ይህ ብቻ ነው። ወለሉ የባላባቶቹ የእብነ በረድ መቃብር ስለሆነ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አይፈቀድም፤ ትከሻም መሸፈን አለበት፤ የእናትዎ ነጠላ ይበቃል። እሑድ ለጎብኝዎች ዝግ ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው ባራካ የአትክልት ስፍራ ብትሄዱ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ የሚተኮሰውን የሰላምታ መድፍ ታያላችሁ፤ ወደ ወደቡ የሚያወርድ አሳንሰር ስላለ ደረጃ አያስፈልግም።

ለጎዞ አንድ ሙሉ ቀን ያስቀሩ። የተለመደው መንገድ በአውቶቡስ እስከ ቺርኬዋ፣ ከዚያ በመርከብ 25 ደቂቃ ነው፤ ሲሄዱ አይከፈልም፣ ሲመለሱ ነው የሚከፈለው። ለእናንተ ግን ከቫሌታ ወደብ በቀጥታ የምትነሣዋ ፈጣን ጀልባ ትሻላለች፤ 45 ደቂቃ ትወስዳለች፣ ባሕር ሲነሣ ግን ጉዞዋ ይሰረዛል። ጎዞ ላይ የቀን ሹፌር ይያዙ። ታ ፒኑ የምትባለውን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ያሳዩአቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 አንዲት የገበሬ ሴት ድምፅ ሰማሁ ካለች ወዲህ የስለት ቦታ ሆናለች። ግድግዳው ከሕመም የዳኑ ሰዎች በተዉአቸው ክራንቾች፣ የሕፃን ልብሶችና ደብዳቤዎች የተሸፈነ ነው። ስለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም። ከፒራሚዶች የሚቀድመው የጅጋንቲያ የድንጋይ መቅደስም እዚያው ነው። «ሰማያዊ መስኮት» የተባለውን የድንጋይ ቅስት በአሮጌ ማስታወቂያ አይታችሁ ከሆነ ግን አትፈልጉት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በማዕበል ወድቋል።

ፓዎላ ያለውን የሐል ሳፍሊየኒ የከርሰ ምድር መቃብር ማየት ከፈለጉ ትኬቱን ሳምንታት ቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ፤ በቀን የሚገባው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በሞስታ የጉልላት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1942 ጣሪያውን በስቶ በምእመናን መካከል ወድቆ ያልፈነዳው ቦምብ ታሪክ ይነገራል፤ ወደ ሰሜን ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ናት። ኮሚኖ ያለውን ሰማያዊ ሐይቅ ለእናትዎ አልመክርም፤ ጥላ የለም፣ መቀመጫ የለም፣ ሰው ይበዛል።

ጥቃቅን ነገሮች፦ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ጥርሶች ላሉት መሰኪያ የተሠራ ስለሆነ ለእርስዎም ለእኅትዎም አስማሚ ያስፈልጋል። በበጋ ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። መድኃኒቱ ከሐኪም ማዘዣ ጋር በራሱ ማሸጊያ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ በጭነት አይላክ። እኅትዎ ከመኖሪያ ፈቃዳቸው ጋር ፓስፖርታቸውን፣ እንዲሁም የአውሮፓ የጤና ካርዳቸውን ይያዙ። ዩሮውን ከባንክ በቪዛችሁና በትኬታችሁ ወስዳችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ።

የእናትዎን ምኞት ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሌላው ሁሉ ለእሱ ስለሆነ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 «መላጥያ» የሚላት ደሴት ይህች ናት፤ በአማርኛው የለመዱትን ስም አስቀድመው ይንገሯቸው። የቅዱስ ጳውሎስን ቦታዎች በሁለት ቀን ይክፈሏቸው። በመጀመሪያው ቀን ቫሌታ ውስጥ ያለውን የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ መሰበር ቤተ ክርስቲያን ይጎብኙ፤ የሐዋርያው የእጅ አንጓ አጥንትና አንገቱ የተቆረጠበት ነው የሚባለው ዓምድ ክፋይ በክብር ተቀምጠውበታል። በሁለተኛው ቀን ወደ ምዲናና ራባት ይሂዱ። ምዲና ስሟም እንደ እኛው መዲና ነው፤ ጥንት ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በቅጥሯ ውስጥ የሚኖረው ሰው ከሦስት መቶ አይበልጥም፤ መኪናም ከነዋሪ በቀር አይገባባትም። ትውፊቱ ካቴድራሏ የቆመው የደሴቲቱ አለቃ የፑፕልዮስ ቤት በነበረበት ስፍራ ነው ይላል፤ ጳውሎስ አባቱን የፈወሰለት ያ ሰው። ከቅጥሩ ወጥቶ ራባት ላይ ደግሞ ሐዋርያው በሦስት ወር ቆይታው አስተምሮበታል የሚባለው ዋሻ አለ፤ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት፣ የመጨረሻው ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ወርደው ጸልየውበታል። ወደ ዋሻው መውረጃው ደረጃ ስለሆነ እናትዎ በጠዋቱ፣ ጉልበታቸው ሳይዝል ይውረዱ። አጠገቡ ያሉት የጥንት ክርስቲያኖች ካታኮምቦች ግን ዝቅ ያሉና ጠባብ ናቸው፤ እሳቸው ከላይ ቡና እየጠጡ ቢጠብቋችሁ ይሻላል።

መርከቡ የተሰበረበትን ትክክለኛ ቦታ በተመለከተ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የማልታ ሕዝብ ግን ያለ ጥርጥር የሚያሳየው በሰሜን በኩል ያለውን «ሳን ፓውል ኢል-ባሐር» የተባለ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የባሕሩ ቅዱስ ጳውሎስ ማለት ነው። ከቫሌታ ቀጥታ አውቶቡስ ይሄዳል። ከመንደሩ ፊት ለፊት ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች፤ በላይዋ የሐዋርያው ሐውልት ቆሞ ከሩቅ ይታያል። በዳርቻው ላይ «ታል-ሑጂየጃ»፣ የእሳቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሏት አለች፤ ሰዎቹ ለበረዳቸው መንገደኞች እሳት ያነደዱት፣ እፉኝቷም ከጭራሮው ወጥታ እጁን የያዘችው እዚያ ነው ይላሉ። በዚህችው ደሴት ጎዳና ላይ ከሊቢያ በጀልባ ተሻግረው የደረሱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ልጆች በአማርኛና በትግርኛ ሲነጋገሩ ብትሰሙ አትደነቁ፤ ሰላም በሏቸው፤ የእናት ድምፅ ከሰሙ ብዙ ዓመት የሆናቸው አሉ።

ወደዚያ የምትሄዱት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ፀሐይዋ ስትበርድ። የባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር አለው፤ እናትዎ ደሴቲቱን ፊት ለፊት እያዩ ምዕራፉን ማንበብ ይችላሉ። «ግሪጋል» የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከተነሣ፣ ብዙዎች የጳውሎስን መርከብ የመታው እሱ ነው ይላሉ፣ በግንቦትም ቢሆን ይበርዳልና ጋቢያቸውን ይዘው ይሂዱ።